ያበሰበሰኝ ሣሩ ነው

ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ላይ ጓሳ ሄደን ነበር። መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ያለው ያ ሰፊ የሣር አገር። ከአዲስ አበባ ስንነሳ አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፤ ሁላችንም ጃኬት ይዘናል። እኔማ ከአክስቴ ልጅ የተዋስኩት ጥሩ የዝናብ ጃኬት ስለነበረኝ ዝናቡ ጨርሶ አላሳሰበኝም። ከታች የለበስኩት ጂንስ ነበር።

ጠዋት ከማረፊያችን ስንወጣ ዝናብ አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ። ሰማዩ ደምኗል እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሌሊቱን ግን ሲዘንብ አድሯል። የጓሳ ሣር ጉልበት ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ዘለላ ውሃውን ተሸክሞ የሚያራግፍበትን ሰው ይጠብቃል። ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳንሄድ ጂንሴ እስከ ጭኔ በሰበሰ። ከዚያ ውሃው በካልሲዬ በኩል ቁልቁል ወርዶ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ጫማዬ ውሃ የማያስገባ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለ ጫማ ደግሞ አንዴ ከላይ ከገባበት አያስወጣም። በእያንዳንዱ እርምጃ ሲንቦጫረቅ ይሰማኝ ነበር።

ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ወደ ገደሉ አፋፍ ስንጠጋ ነፋሱ መጣ። የራሰ ጂንስ ከነፋስ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ያልደረሰበት ሰው በቃል ብነግረው አይገባውም። ጨርቁ ከቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ይከብዳል፣ የሰውነትን ሙቀት እየመጠጠ ይቀዘቅዛል። ጥጥ ውሃን ይዞ ያስቀራል፤ እንኳን በደመና፣ በፀሐይም ቀን ጂንስ ለመድረቅ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። እኩለ ቀን ላይ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ጣቶቼ የጃኬቴን ዚፕ መያዝ አቃታቸው። ከላይ ደረቅ ነኝ። ያም ሆኖ እየተንቀጠቀጥኩ ነው።

አንድ እረኛ ልጅ አገኘን። ከሣር የተሠራ ገሳ ደርቧል፣ ከሥር ቁምጣ፣ እግሩ ባዶ። ውሃው በገሳው ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ከጉልበቱ በታች ያለው እግሩ እንደኔው ርሷል። ግን አልበረደውም። ቆሞ አየኝና «እታለም፣ ያ ሱሪዎ ነው የጎዳዎት። እግር ቢረጥብ ይደርቃል» አለኝ።

ያ ልጅ የነገረኝን ነገር ሙሉ ለሙሉ ለመረዳት ሦስት ክረምትና ሦስት ሱሪ ፈጅቶብኛል። ክረምት እየመጣ ስለሆነ፣ በየሳምንቱም «ምን ዓይነት የዝናብ ሱሪ ልግዛ?» የሚሉኝ ስለበዙ፣ ያየሁትን ሁሉ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ፣ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ አትግዙ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። እንጦጦ ለሁለት ሰዓት ወጥቶ ለመውረድ የዝናብ ሱሪ አያስፈልግም። ቀጭን፣ ጥጥ የሌለበት ሱሪ፣ ብዙዎቻችሁ ለስፖርት ያላችሁ ዓይነት፣ በቂ ነው። ይረጥባል፣ እየሄዳችሁ እላያችሁ ላይ ይደርቃል። እንደ እረኛው እግር ማለት ነው። ሞቅ ባለ ቦታም እንዲሁ፤ እዚያ የዝናብ ሱሪ ከለበሳችሁ በላብ ትቀቀላላችሁ። የዝናብ ሱሪ ቁም ነገሩ ያለው ከፍታው ሲጨምር፣ ነፋስ ሲኖር፣ ቀኑን ሙሉ ስትውሉና መንገዱ በረጅም ሣር ወይም በቁጥቋጦ መሐል ሲያልፍ ነው። ጓሳ፣ ባሌ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ወንጪ ዙሪያውን፣ ወጨጫ አናት። ለእነዚህ ግን ከጃኬቱ እኩል አስፈላጊ ነው እላለሁ። ጃኬት ላይ ያለው ውሃ ይወርዳል። የሚወርደው ደግሞ ወደ ሱሪ ነው። ሣሩ በበኩሉ ከታች ይጠብቃችኋል።

ከጓሳ ስመለስ በብስጭት የገዛሁት የመጀመሪያው ሱሪ ፕላስቲክ ነበር። ሞተረኞች የሚለብሱት፣ ከጃኬቱ ጋር አንድ ላይ በከረጢት የሚሸጠው። 380 ብር። በእሱ መናገሻ ሱባ ሄድኩ። ሱባን የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ያለው፣ ጥዱና ዝግባው ሰማይ የሚነካ፣ ዘሩ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ከወፍ ዋሻ መጥቶ የተተከለ ነው ተብሎ የሚነገርለት ጫካ። ዝናቡ ወረደ፤ አንዲት ጠብታ እንኳን አልገባችም። ሽቅብ መውጣት ስንጀምር ግን ከውስጥ ዘነበ። ሱሪውን አውልቄ ስገለብጠው ውስጡ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን ላብ አቁሯል። ከውስጥ የለበስኩት ሁሉ ርሷል። ከዚያ ለምሳ ስናርፍ ያ ላብ ቀዘቀዘ፤ ጓሳ የተሰማኝ ብርድ እንደገና መጣ።

እንዲያም ሆኖ ፕላስቲኩን አልንቀውም። እንቅስቃሴ ለሌለበት ነገር፣ ለምሳሌ በፈረስ ለመሄድ፣ ድንኳን ለመትከል፣ ሰፈር ውስጥ ለመላላክ፣ ከሱ የሚሻል የለም። የእኔ ግን ብዙ አልቆየም። በሦስተኛው ጉዞ የወደቀ ግንድ ለመሻገር እግሬን ሳነሳ በሁለቱ ጭኖቼ መሐል ካለው ስፌት ጀምሮ እስከ መቀመጫው ተቀደደ። ፕላስቲክ አይለጠጥም፤ በብርድ ደግሞ ይደርቃል። የግድ እሱን የምትገዙ ከሆነ ከልካችሁ ሁለት ቁጥር የሚበልጠውን ግዙ።

ቀጥሎ ሰልባጅ ነው። ለኛ ኪስ የሚሆን ጥሩ የዝናብ ሱሪ ያለው እዚያ እንደሆነ ዛሬም አምናለሁ። አዲሱን፣ ስም ያለውን፣ ከውጭ የሚመጣውን መግዛት የሚችል ይግዛ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን አንድ ሱሪ በዶላር አስልቼ ስመለከተው የወር የታክሲዬን ወጪ አልፎ ይሄዳል። መርካቶ ሰልባጅ ተራ ውስጥ ደግሞ ያው ሱሪ፣ አንድ ሁለት ክረምት አውሮፓ ውስጥ ተለብሶ፣ ከክምር ሥር ተጨፍልቆ ይገኛል። ችግሩ ሻጩ የዝናብ ሱሪ ምን እንደሆነ የማወቅ ግዴታ የለበትም። ውሃ የሚያንሸራትት የሚመስል ጨርቅ ሁሉ ለሱ የዝናብ ነው። ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

እኔ በ2012 የገዛሁት ሁለተኛው ሱሪ ይህን አስተማረኝ። ጥቁር፣ የሚያምር፣ ስሙን ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት። በ400 ብር ስወስደው እጄ በደስታ ተንቀጠቀጠ። ቤት ገብቼ አጥቤ ስሰጣው ውስጡ እንደ ፎረፎር ይረግፍ ጀመር። ነጭ ነጭ ቅርፊት። ያ ቅርፊት ውሃውን የሚከለክለው ሽፋን ነበር። ርጥበት እንደያዘ ተጣጥፎ ለዓመታት ተቀምጦ ሙጫው ሞቷል። ከውጭ ግን አዲስ ነው የሚመስለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፦ የዝናብ ሱሪ የሚገዛው ተገልብጦ ነው።

አሁን እንዴት እንደምገዛ ልንገራችሁ። ግራጫውን ሱሪዬን፣ አሁንም የምለብሰውን፣ ያገኘሁበትን ጠዋት ነው የምተርክላችሁ። 2014፣ ግንቦት መጨረሻ፣ ማክሰኞ። ቦንዳ የሚፈቱት ጠዋት ስለሆነ በጊዜ ነው የሄድኩት።

«እህቴ፣ ምን ላሳይሽ?»

«ወንድሜ፣ የዝናብ ሱሪ። ራሴ ብፈልግ ቅር ይልሃል?»

«ፈልጊ፣ ያንቺው ነው።»

መጀመሪያ እጄ ላይ የገባው በውስጡ ጥጥ መሳይ ነገር የተሞላ ወፍራም ሱሪ ነበር። ይህ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት የተሠራ ነው፤ ሰልባጅ ውስጥ ሞልቷል፤ ሻጮች የዝናብ ነው ይሉታል። ተዉት። እየወጣችሁ ያግላችኋል፣ ከረጠበ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ የሚያብረቀርቅ መስመር ያለበት፣ የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት መጣ። ይህንን ግን አትናቁት። ወፈር ያለ ነው፣ ትንፋሽም የለውም፤ ግን ከፕላስቲኩ በጣም ይለያል፤ ይለጠጣል፣ አይቀደድም፣ መልኩ ስለማያምር ዋጋው ይወርዳል። ጓደኛዬ አንዱን 300 ብር ገዝቶ አራት ክረምት ለብሶታል፤ ጫካ ውስጥ ጉም ሲወርድም ከሩቅ እናየዋለን።

ከዚያ ግራጫው። ቀጭን ነው፣ ጨብጬው መዳፌ ውስጥ ይገባል ማለት ይቻላል። ወዲያው ገለበጥኩት። ውስጡ ስፌቱን ተከትሎ ሁለት ጣት የማይሞላ፣ እንደ ቁስል ፕላስተር ያለ ቀጭን ጥብጣብ ተለጥፏል። የምፈልገው ይህን ነው። መርፌ በገባችበት ሁሉ ቀዳዳ አለ፤ ጨርቁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ያለዚህ ጥብጣብ ውሃው በስፌቱ ይገባል። ጥብጣቡ በጥፍር ሲነካ መነሳት የለበትም። የእኔው መቀመጫው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ተነስቶ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ደህና። አንዳንዱ ሱሪ ውስጡ መረብ ገበር አለው፤ ገበሩ ጥብጣቡን ይሸፍነዋል። ያኔ ከቁርጭምጭሚቱ በኩል እጃችሁን ከትታችሁ በዳበሳ ፈልጉት።

ቀጥሎ አሸተትኩት። ሽፋኑ የሞተ ሱሪ የኮመጠጠ ሽታ አለው፣ ሲነኩትም ያጣብቃል። የኔው ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው።

ቀጥሎ ጨርቁን አፌ ላይ አጥብቄ ነፋሁ። ውሃ የሚከለክል ሽፋን አየርም በቀላሉ አያሳልፍም። ትንፋሻችሁ ወዲያ ማዶ ካለፈ ነፋስ መከላከያ ብቻ ነው። ሻጩ ይህን ሲያይ «ምን ሆነሻል?» ብሎ ሳቀ፤ እኔም የምሠራውን ነገርኩት፤ ቀጥሎ የመጣውን ሱሪ ራሱ ነፋ።

በመጨረሻ ውሃ። የያዝኩትን ሃይላንድ ከፍቼ፣ ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን አድርጌ ሻጩ እንዲይዝልኝ ለመንኩት። ሁለት ጉንጭ ውሃ አፈሰስኩበት። ውሃው ተሰብስቦ እንደ ዶቃ ተንከባለለ። ከሥር በአውራ ጣቴ እየገፋሁ፣ እያሸሁ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆየሁ። ይህ ማሸት አስፈላጊ ነው፤ ውሃ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የማያልፍበት ጨርቅ ሲጫኑት ያሳልፋል። ጣቴ ደረቅ ነበር። ተነሥቶ የነበረውን ጥብጣብ አሳየሁትና 800 ያለውን 650 ወሰድኩት።

ስለዚህ መጫን ጉዳይ ትንሽ ልቆይ፤ ሱሪና ጃኬት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አዲስ ሱሪ የምትገዙ ከሆነ፣ ወይም የሰልባጁ ምልክት ካልተቆረጠ፣ 5,000 ወይም 10,000 ወይም 20,000 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ሚሊ ሜትር ነው። ጨርቁ ላይ የውሃ ዓምድ ቢቆም፣ ማሳለፍ ከመጀመሩ በፊት ስንት ከፍታ ይችላል ማለት ነው። 10,000 ማለት አሥር ሜትር የውሃ ዓምድ። ዝናብ ብቻውን ይህን ያህል አይጫንም። የሚጫነው የኛ ክብደት ነው። ርጥብ ድንጋይ ላይ ስንቀመጥ፣ ጭቃ ላይ ስንንበረከክ፣ ውሃው በመቀመጫችንና በድንጋዩ መሐል ይጨመቃል። ለዚህ ነው ጃኬቱ ላይ በቂ የሆነው ቁጥር ሱሪው ላይ የሚያንሰው። ስለዚህ በቁጥር ለመቆጠብ ከፈለጋችሁ በጃኬቱ ቆጥቡ። ወይም እኔ እንደማደርገው አድርጉ፤ አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ቁራጭ በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ጎን ላይ አስራለሁ፣ እሱ ላይ እቀመጣለሁ።

ምልክቱ ላይ ወተር ፕሩፍ የሚለውና ወተር ሪዚስታንት የሚለው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ካፊያ ይችላል፤ ዶፍ አይችልም።

ትንፋሽ አለው ስለሚባለውስ? ዋጋን ሰማይ የሚያደርሰው ይህ ቃል ነው። ጎርቴክስና የመሳሰሉት ውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽፋን የላብን እንፋሎት ያሳልፋል፣ የውሃን ጠብታ ግን አያሳልፍም። እውነት ነው፣ ይሠራል። የሚሠራው ግን ውስጡ ሞቆ ውጪው ቀዝቀዝና ደረቅ ሲል ነው። መስከረም 2016 ላይ፣ ዩኔስኮ የባሌ ተራሮችን በዓለም ቅርስነት በመዘገበበት በዚያው ወር፣ ግራጫውን ለብሼ ሳነቲ ላይ ዋልኩ። ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ነፋሱ ፊት የሚገርፍ። ሰባት ሰዓት ሙሉ ተጓዝኩ፤ ውስጤ ደረቅ ነበር። ያንኑ ሱሪ ለብሼ ሐምሌ ላይ ሱባ ጫካ ሽቅብ ስወጣ ግን አልቦኛል። አየሩ ራሱ በእንፋሎት የተሞላ ነው፤ እንፋሎቱ ወዴት ይውጣ? በዚያ ላይ የላይኛው ጨርቅ ውሃ ከጠጣ የቱም ሽፋን መተንፈሱን ይተዋል። ስለዚህ በኛ ክረምት፣ በኛ ጫካ ውስጥ፣ ለትንፋሽ ብቻ ሦስት እጥፍ ዋጋ መክፈል አይታየኝም። ከዚያ ይልቅ ዚፕ ፈልጉ። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚከፈት ዚፕ ከየትኛውም ሽፋን በላይ ያስተነፍሳል።

ዚፑ ሌላም ሥራ አለው፤ እንዲያውም ዋናው ሥራው እሱ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ጭቃ መሐል ናችሁ። በአንድ እግር ቆማችሁ፣ ጭቃ የያዘ ጫማ ሳታወልቁ፣ ሱሪውን መክተት አለባችሁ። ዚፕ የሌለው ሱሪ ጫማው ላይ ይያዛል፤ ወይ ትወድቃላችሁ፣ ወይ ጭቃውን በሙሉ ወደ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ወይም ደግሞ እንደ ብዙ ሰው «ትንሽ ነው፣ ያባራል» ብላችሁ ሳትለብሱት ትበሰብሳላችሁ። ሱሪ ኖሯቸው ቦርሳቸው ውስጥ እንዳለ የረጠቡ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። ከወገብ እስከ ታች ሙሉ ለሙሉ የሚከፈትም አለ፤ ምቹ ነው፣ ግን ይከብዳል፣ በሰልባጅ ደግሞ ዚፑ አንድ ጥርስ ከጎደለው ሱሪው ሁሉ ዋጋ የለውም። ሁለት ሦስቴ ከፍታችሁ ዝጉት።

ኪሱንም እዩ። አንዳንዱ ሱሪ ኪስ የሚመስል ክፍተት ብቻ አለው፤ እጃችሁን ወደ ውስጠኛው ሱሪ ኪስ ለመስደድ። እሱ በር ነው፤ ውሃም ይገባበታል።

ልኩን ስትለኩ ከሥር በምትለብሱት ሱሪ ላይ ደርባችሁ ነው። ቁጢጥ በሉ። ከፍ ያለ ደረጃ እንደምትወጡ እግራችሁን አንሡ። ጉልበቱ ከያዛችሁ ወይም የታችኛው ጫፍ ከጫማችሁ አናት በላይ ከወጣ አይሆናችሁም። ወገቡ ሰፋ ቢል ችግር የለውም፤ ገመድ ይገባበታል። ስትሄዱም የሱሪው ጫፍ ከጫማው ውጪ ይሁን። ቦት እንደሚያደርግ ሰው ጫማ ውስጥ ከከተታችሁት በሱሪው ላይ የወረደው ውሃ ሁሉ ካልሲያችሁ ውስጥ ይገባል፤ ጓሳ እኔን ያገኘኝ ማለት ነው።

ያ የተነሣው ጥብጣብ። ሁለት ጊዜ በማጣበቂያ ሞከርኩት፣ አልሆነም። ያዳነኝ የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ነው። ሱሪውን ይዤ የሄድኩት ዚፑን እንዲያይልኝ ነበር። ጋሼ ስፌቱን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ይሄማ ውሃ ይገባዋል» አሉ። ከዚያ ጫማ የሚሰፉበትን ክር አሳዩኝ። ክሩን መጀመሪያ በሰም ጉብታ ላይ ሁለት ሦስቴ ይስባሉ፤ ሰም የበላ ክር ቀዳዳውን ይሞላል። «ቤትሽ ጧፍ የለም እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

ጧፍ ቤት ውስጥ ነበር። እውነተኛ የንብ ሰም መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ሱሪውን ጠረጴዛ ላይ ወጥሬ በስፌቱ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ጧፉን አጥብቄ እየጫንኩ አሸሁት፤ ክሩ ሁሉ ቢጫ እስኪል። ከዚያ ማንኪያ በፈላ ውሃ ውስጥ አግዬ፣ አድርቄ፣ በማንኪያው ጀርባ በሰሙ ላይ ቀስ እያልኩ ሄድኩበት። ሰሙ ሲቀልጥ ይታያል፤ ወደ ቀዳዳዎቹ ሲገባ ጨርቁ ጠቆር ይላል። ማንኪያው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ መመላለስ ነው። ካውያ በቀጥታ አታድርጉ፤ ናይለኑ ይቀልጣል። ክፍሉ በሙሉ የማኅሌት ሽታ ሸተተ። ሲያልቅ ሱሪውን በሽቦ ላይ ሰቅዬ መቀመጫው ላይ አንድ ጣሳ ውሃ አቆርኩበት፤ ከሥር ደረቅ ሶፍት አነጠፍኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሶፍቱ ደረቅ ነበር። ይህን በየክረምቱ መጀመሪያ አድሳለሁ። አንድ ነገር ግን ዕወቁ፤ ሰም የነካው ስፌት ላይ ከዚያ ወዲያ ማጣበቂያ አይዝም። ከውጭ የሚመጣውን የስፌት ማሸጊያ የማግኘት ዕድል ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

አጠባበቁ ቀላል ነው፣ ሰው ግን ሱሪውን የሚገድለው በአጠባበቅ ነው። ጭቃው ደርቆ ይራገፍ። በእጅ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙና። በረኪና በፍጹም። ማለስለሻም እንዲሁ። ኦሞ ከተጠቀማችሁ ሦስት አራት ጊዜ አለቅልቁት፤ በጨርቁ ላይ የቀረ ሳሙና ውሃ ይስባል። ጥላ ሥር አድርቁ። ውሃው በጥቅል ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ መንከባለሉን ትቶ ጨርቁ ውስጥ መስጠም ከጀመረ፣ ሱሪውን ንጹሕ ፎጣ አልብሳችሁ ካውያውን በዝቅተኛው ሙቀት ከፎጣው ላይ አሳልፉበት። ሙቀቱ የላይኛውን ቅባት ይቀሰቅሰዋል። ከዚያ ስቀሉት እንጂ አጥፋችሁ ከረጢቱ ውስጥ አትጠቅጥቁት። የጥቁሩ ሱሪዬ ሞት ከዚያ የመጣ ነው።

ውጭ አገር እህት ወንድም ያላችሁ፣ «ምን ላምጣልሽ?» ሲሏችሁ የድርጅት ስም አትንገሯቸው። ስሙን ከነገራችኋቸው ውዱን ይገዛሉ፣ ወይም ያፍራሉና ዝም ይላሉ። ይልቅ ይህን ጻፉላቸው፦ ስፌቱ ከውስጥ የታሸገ፣ ከታች እስከ ጉልበት ዚፕ ያለው፣ ገበር የሌለው፣ ከልኬ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ፣ በቅናሽ ወቅት የሚገኝ። እዚያ አገር የበጋው መጀመሪያ ላይ የዝናብ ልብስ ዋጋው ይወርዳል። ቀላል ሱሪ ደግሞ ግማሽ ኪሎ እንኳን ስለማይሞላ ሻንጣቸውን አያጨናንቅም።

ወደ ጓሳ ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም። መንገዱ እንደልብ የሚኬድበት ቀን ሲመጣ የመጀመሪያው ጉዞዬ ወደዚያ ነው፤ በነሐሴ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ ጠዋት።

ባለፈው ማክሰኞ ቢሯችን አዲስ የገባችውን ልጅ ይዤ መርካቶ ሄድኩ። ቅዳሜ ከኛ ጋር ሱባ ትወጣለች፤ ያላት ጂንስ ብቻ ነው። ክምሩ ውስጥ ገብታ አንድ አረንጓዴ ሱሪ አወጣች፣ ሳልነግራት ገለበጠችው፣ ስፌቱን በጥፍሯ ቧጨር አደረገችው፣ ከዚያ ጨርቁን አፏ ላይ ለጥፋ ጉንጮቿ እስኪነፉ ነፋች። ሻጩ ያው የድሮው ነው። እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ከወንበሩ ሥር የራሱን ሃይላንድ አንሥቶ ክዳኑን ከፈተላት።